ደብተሩ እያለ «የለም» ሲባል

ስለ ማኅበረሰብ አቀፉ ጤና መድህን ክርክር በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚያርፈው መዋጮው ላይ ነው። ስንት ገባ፣ ለምን ጨመረ፣ የዘንድሮውስ ስንት ይሆን። የአባልነት ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ቅር ብሎት የሚመለስበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ካርድ ወጥቶለታል፣ ሐኪም አይቶታል፣ ላብራቶሪው ተሠርቶለታል። መጨረሻ ላይ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ሲደርስ ከታዘዙለት አራት መድኃኒቶች ሁለቱ ይሰጡትና በቀሩት ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍበታል። ከዚህ በታች ያለው ስለዚያች ቃል ነው፤ ከየት እንደምትመጣ፣ ባለ ደብተሩ ራሱ መቼ ሊያስቀራት እንደሚችል፣ ከእሱ አቅም በላይ ስትሆን ደግሞ የት ሄዶ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ።

የመዋጮው መጠን፣ የእድሳቱ ወርና አንዳንዱ መመሪያ ከክልል ክልል፣ አንዳንዴም ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ ያንን ከቀበሌያችሁ አረጋግጡ። የአሠራሩ መሠረት ግን የትም ያው ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይሄዳል

አባል ሲታከም ጤና ጣቢያው ጥሬ ገንዘብ አይቀበለውም። የካርዱን፣ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ዋጋ በአባልነት ቁጥሩ መዝግቦ ያስቀምጣል። በዱቤ እንደሚሸጥ ሱቅ ማለት ነው። ወረቀቶቹ ተሰብስበው፣ ብዙ ቦታ በየሦስት ወሩ፣ የክፍያ ጥያቄ ሆነው ወደ ወረዳው የጤና መድህን ጽሕፈት ቤት ይላካሉ። እዚያ ሒሳቡም ሕክምናውም ይመረመራል፤ ክሊኒካል ኦዲት የሚባለው ይኸው ነው። ያልተሟላው ይቀነስና ቀሪው ይከፈላል። ጤና ጣቢያው ያን ገንዘብ በውስጥ ገቢው አስገብቶ መድኃኒት ይገዛበታል። መጀመሪያ የሚጠይቀው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ነው፤ እዚያ ሲያጣ በግዥ ሥርዓቱ በኩል ወደ ግል አከፋፋይ ይዞራል።

ዱቤውን በጊዜ ያልሰበሰበ ሱቅ መደርደሪያው ባዶ መሆኑ አይቀርም። በጥቅምት የታከመ ሰው ሒሳብ ሩብ ዓመቱ እስኪዘጋ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ይጠብቃል፣ በጥር ይጠየቃል፣ በየካቲት ይመረመራል፣ ነገሩ ከቀና በመጋቢት ይከፈላል። በመካከሉ ያሉትን አምስት ወራት ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው ከሌላ ኪስ ነው፤ ያ ኪስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የለም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ በአሮጌው ዋጋ ተመዝግቦ ዘግይቶ የተከፈለ ሒሳብ ያኑ ያህል መድኃኒት አይመልስም። መቶ ካርቶን ወጥቶ ሰባው ይገባል፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሰባው ወጥቶ ሃምሳው። መዋጮውን የከፈለ ሰው «ከፍዬ ሳለ ለምን?» ሲል መልሱ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ የመዋጮውን ደረሰኝ ቢያሳይም መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የምታደርገው ነገር የላትም።

ሦስቱ «የለም»

አንዱ «የለም» ከሌላው ይለያል፤ መፍትሔውም እንዲሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒቱ በአቅራቢውም ዘንድ የጠፋበት ነው። ያኔ የግሉ ፋርማሲም ብዙ ጊዜ አይኖረውም፤ ቢኖረውም ዋጋው የማይቀመስ ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ እያለ ጤና ጣቢያው የሚገዛበት ያጣበት ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ መድኃኒቱ በሌላ ስም ወይም በሌላ መጠን እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። ሐኪሙ የንግድ ስሙን ጽፎ ይሆናል። ወይም ባለ 10 ሚሊግራም አምሎዲፒን አዞ፣ ያለው ባለ 5ቱ ይሆናል። ለሕፃን የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ታዞ፣ ሽሮፑ አልቆ በውኃ የሚሟሟው እንክብል ሊኖር ይችላል። ሰልፉ ረጅም ሲሆን መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ይህን ሁሉ አያብራራም፤ «የለም» ብሎ ይመልሳል።

ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በሌላ መጠን ወይም በዚሁ ዓይነት ሌላ መድኃኒት አለ?» አለ ከተባላችሁ የዚያን ስም አስጽፋችሁ በዚያው ቀን ወደ አያችሁ ሐኪም ተመለሱ። መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ባለሙያው በራሱ ፈቃድ መለወጥ አይችልም፤ ሐኪሙ ግን በአንድ ደቂቃ ያስተካክለዋል። እናንተም በግምት «ሁለቱን አንድ ላይ እውጣለሁ» አትበሉ፤ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ የተሰጠ መድኃኒት በኋላ በኦዲት ይወድቃል፣ የወደቀውም ጤና ጣቢያው ላይ ኪሳራ ሆኖ ይቀራል።

በእርግጥም ከሌለ፣ በየመድኃኒቱ አንጻር «የለም» የሚለው በማኅተም፣ በፊርማና በቀን እንዲረጋገጥላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ወረዳ የራሱ ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት አለው፤ ከነማን የመሰለ የከተማ መድኃኒት ቤት ወይም የማኅበረሰብ መድኃኒት ቤት ሊሆን ይችላል። ውል ካለ በደብተሩ ያለ ክፍያ ይሰጣችኋል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከውጭ የተገዛበትን ገንዘብ ይመልሳሉ። ለዚህ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ዋናው የመድኃኒት ማዘዣ፣ በታካሚው ስም የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የደብተሩ ቅጂና የማስገቢያ ጊዜው ውስጥ መድረስ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አንድ ነው፤ ፋርማሲው ማዘዣውን ተቀብሎ ያስቀርና ታካሚው እጁ ላይ ደረሰኝ ብቻ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት ማዘዣውን ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ ኮፒውም ላይ ማኅተሙ መታየት አለበት። ወረዳችሁ ይመልስ እንደሆነ ደግሞ ሳትገዙ ጠይቁ እንጂ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም።

በአንድ ፊደል የሚወድቅ ሒሳብ

ጽሕፈት ቤቱ ከጤና ጣቢያ የመጣን የክፍያ ጥያቄ የሚቀንስባቸው ምክንያቶች ተደጋጋሚ ናቸው። የአባልነት ቁጥር አለመሞላት፣ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሳይጽፍ መድኃኒት ማዘዙ፣ ታካሚው አለመፈረሙ፣ ከጸደቀው የዋጋ ዝርዝር በላይ መጠየቅ፣ አንዱን ሕክምና ሁለት ጊዜ ማስገባት፣ ደብተሩ ሳይታደስ የተሰጠ አገልግሎት። አንድ ሌላም አለ፤ እሱ ከፊደላችን የሚመጣ ነው።

ቀበሌው መዝገብ ላይ «ኃይለሥላሴ» ተብሎ ተጽፏል። ካርድ ክፍሉ «ሀይለስላሴ» ብሎ ጻፈው። ወረዳው ኮምፒዩተር ላይ ስሙን ሲፈልጉት አይወጣም፤ ማሽኑ ኃ እና ሀ፣ ሥ እና ስ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅማ። ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለሙና አለሙ እንደዚሁ ናቸው። በዚህ ላይ ቤት ውስጥ የምትጠራበት ስም ሌላ፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ የሆነች እናት አለች፤ ካርድ ክፍል ስትጠየቅ የለመደችውን ትናገራለች። ሒሳቡ «አባል ያልሆነ» ተብሎ ይወድቃል። ታካሚዋ ይህን ጨርሶ አታውቅም፤ ታክማ ሄዳለች። የምታውቀው በሚቀጥለው ወር መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካርድ ክፍል ስማችሁን በቃል አትንገሩ፣ ደብተሩን ስጡና ከደብተሩ ላይ ይገልበጡት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ መሞላቱን ዓይታችሁ ተነሱ። መድኃኒት ስትቀበሉ የምትፈርሙት የወሰዳችሁትን ለማረጋገጥ ስለሆነ ያልተቀበላችሁት ዝርዝር ላይ አትፈርሙ፤ ከአራቱ ሁለቱን ብቻ ወስዳችሁ ከሆነ ሁለቱ ብቻ መሆናቸው ይታይ። በባዶ ወረቀት ላይ አስፈርሞ ኋላ መሙላት የሚባል ነገር አለ፤ ከወረዳው ካዝና የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የእናንተው ነው።

ደብተሩን ስታወጡና ስታድሱ

አባልነቱ በሰው ሳይሆን በቤተሰብ ነው። በመሠረቱ የሚካተቱት ባልና ሚስት እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አያት፣ የወንድም ልጅ፣ 18 የሞላው ልጅ አብሮ ቢኖርም ተጨማሪ ከፍሎ መመዝገብ ወይም ለብቻው ማውጣት ይኖርበታል። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ 18 የሞላበትን ዓመት ቤተሰቡ ልብ አይለውም፣ ታሞ ሲሄድ ይመለሳል። በየዓመቱ ስታድሱ የልጆቹን ዕድሜ አብራችሁ ቁጠሩ።

አዲስ የተወለደ ልጅ ስሙ ደብተሩ ላይ እስኪገባ በሥርዓቱ አባል አይደለም። ወሊዱ ራሱ በመንግሥት ተቋም ለሁሉም በነፃ ነው። ሕፃኑ ከወራት በኋላ ሲታመም ግን «ይህ ልጅ የታል?» ይባላል። ከጤና ተቋሙ የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዛችሁ ቶሎ አስገቡት።

ገንዘቡን ለቀበሌ ሰብሳቢ በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ ሕጋዊ ደረሰኙን ሳትቀበሉ አትሂዱ። «ነገ እሰጥሃለሁ» አይሠራም። በባንክ ወይም በቴሌብር በሚከፈልበት ቦታ መልእክቱን አታጥፉት። ከከፈላችሁ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ላይ የእድሳቱ ማኅተም ከዓመተ ምሕረቱ ጋር መኖሩን፣ ፎቶውም የሁሉም የቤተሰብ አባል መሆኑን ተመልከቱ። ጤና ጣቢያው የሚያየው ማኅተሙን ነው፤ ደረሰኙን አይደለም።

እድሳቱ ብዙ ገጠር ቦታ የሚካሄደው ከመኸር በኋላ፣ ገበሬው እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወቅት ነው። የእድሳቱ ጊዜ ያለፈበት ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል፤ አንዳንድ ቦታ ያለፈውን ዓመት ውዝፍ ይጠየቃል፣ አዲስ አባልም አገልግሎት ከማግኘቱ በፊት የሚቆይበት ጊዜ አለ። ይህ ክፋት መስሎ ይታያል። ግን ሰው ከሞተ በኋላ ዕድር መግባት ይቻላል እንዴ? የታመመ ብቻ እየመጣ የሚመዘገብበት መድህን ዓመት አይሞላም።

መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። የድሃ ድሃ የሚባሉትን የሚለየው ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ነው፤ ኮታም አለው። ሰው መቅረቱን የሚያውቀው ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ ስለሆነ፣ ምልመላው ሲጀመር ስም ማስያዝ ይሻላል። አንዴ የተመረጠ ሰው በየዓመቱ እንደተመረጠ ይቀጥላል ብላችሁም አትተማመኑ።

ሪፈር

መንገዱ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ስፔሻላይዝድ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል መድህኑ በጥቂት ወረዳዎች በተሞከረበት ዘመን የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ ዛሬም የሚያስከፍለው ነገር አለ፣ ልኩን ከወረዳችሁ ጠይቁ። ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ውጭ ነው፤ ውል ወዳለው ቅርብ ተቋም በቀጥታ ይኬዳል፣ ወረቀቱ በኋላ ይከተላል።

ሪፈር ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት አምስት ነገር ይታይ፦ የአባልነት ቁጥር፣ የዘንድሮ እድሳት፣ የሚላኩበት ሆስፒታል ስም፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ለማኅተም የሚመለስ ሰው በየሳምንቱ አለ። የሚላኩበት ሆስፒታል ከወረዳችሁ ጋር ውል ያለው መሆኑንም ጠይቁ፤ ውል ከሌለው ደብተሩ እዚያ ወረቀት ብቻ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ከደብተሩ የፊት ገጽ፣ ከፎቶው ገጽ፣ ከእድሳቱ ገጽና ከሪፈሩ ሁለት ሁለት ኮፒ አንሱ። አንዱን ሆስፒታሉ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ለቀጠሮ ቀን ነው። ሆስፒታል በር ላይ ያለው ኮፒ ቤት ሰልፉ ከካርድ ክፍሉ አይተናነስም።

ሐኪሙ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ሪፈሩ ለዚያ ቀንም ያገለግል እንደሆነ የሪፈር ጉዳይ የሚይዘውን ሊያዥን ክፍል ጠይቁ፤ የሚያድሱም የማያድሱም አሉ። ሕክምናው አልቆ መድኃኒቱ ብቻ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ የመልስ ወረቀት አጽፉ። ያ ወረቀት ከሌለ ጤና ጣቢያው ከላይ የታዘዘውን መድኃኒት በደብተሩ ለመስጠት ይቸገራል፣ እናንተም በየወሩ ለአንድ ብልቃጥ ክኒን ሆስፒታል ትመላለሳላችሁ።

የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉ። ክትትላችሁን ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ካዛወራችሁ በኋላ መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሂዱ፣ ባለቀበት ቀን አይደለም። ሁኔታችሁ የተረጋጋ ከሆነ ሐኪሙ የሁለት ወይም የሦስት ወር ሊያዝላችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚጠይቀው ባለፉት ወራት በወጣው ልክ ነው። «የለም» ሲባሉ ዝም ብለው ከውጭ እየገዙ የሚሄዱ ሃምሳ የግፊት ታካሚዎች በመዝገቡ ላይ የሉም፤ በሚቀጥለው ጥያቄም አይቆጠሩም። ያላገኛችሁትንም አስመዝግቡ።

የማይሸፍነው

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመዋቢያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። የመኪና አደጋ በባለ መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን በኩል ስለሚሄድ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የአሠሪው ነው። በተቃራኒው የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና ወሊድ ደብተር ኖረም አልኖረም በመንግሥት ተቋም በነፃ ናቸው፤ ለእነዚህ ደብተር አልታደሰም ብሎ የሚመልስ ካለ ተሳስቷል።

ክርክሩ ላይ ምን እንበል

ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ አንድ ቤተሰብ በዓመት በደቡብ 126፣ በትግራይ 132፣ በአማራ 144፣ በኦሮሚያ 180 ብር ነበር የሚከፍለው። የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው 25 በመቶ የሚያህል ድጎማ ይጨምርበት ነበር፤ ድጎማው ኋላ ቀነሰ። ዛሬ ብዙ ቦታ መዋጮው ከ1,000 ብር ተሻግሯል። ጭማሪው ያስቆጣል፣ ግን እስቲ ለምሳሌ አንድ ወረዳ እናስላ። 10,000 ቤተሰብ 1,000 ብር ቢከፍል 10 ሚሊዮን ብር ነው። በየቤቱ አምስት ሰው ቢኖር 50,000 ሰው፤ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ ብቻ ቢታከም ለአንድ ጉብኝት የሚደርሰው 200 ብር። ካርድ፣ አንድ ላብራቶሪና የአምስት ቀን አንቲባዮቲክ። ከእነዚህ ውስጥ መቶ ሰው ወደ ሆስፒታል ተልኮ በአማካይ 20,000 ብር ቢፈጅ 2 ሚሊዮኑ ሄደ፤ ለሌላው የቀረው በጉብኝት 160 ብር ነው። በዚህ ላይ መንግሥት ለድሃ ድሃዎቹ የሚከፍለው ድርሻ ዘግይቶ ከገባ ካዝናው ዓመቱ ሳያልቅ ይነጥፋል።

ይህ ስሌት ሁለቱን የክርክር ነጥቦች ይነካል። አንደኛው፣ የመድህኑ ገንዘብ የሚጠራቀምበት ቋት በወረዳ ይቅር ወይስ በዞንና በክልል ይሰብሰብ የሚለው ነው። ትንሽ ቋት በጥቂት ከባድ ሕመም ይናጋል፤ ሰፊው ይችለዋል። የሚቃወሙት ደግሞ «እኛ ለፍተን ሰብስበን ያልሰበሰበው ወረዳ ይበላዋል» ይላሉ፣ ሐሳባቸውም መሠረት አለው። በእኔ ግምት ቋቱ ከፍ ይበል፤ ግን ጥያቄው በደረሰ በስንት ቀን እንደሚከፈል በጽሑፍ ካልታሰረ ገንዘቡ ከመስኮቱ የበለጠ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። ሁለተኛው የግዴታ አባልነት ነው። ጤነኛው ሳይገባ መድህን እንደማይቆም ግልጽ ነው። መድኃኒት በሌለበት ማስገደድ ግን ስሙ ግብር ይሆናል፤ ሰዉ ያን ጊዜ መድህኑን ሁሉ ይጠላዋል። መዋጮው በደረጃ ባልተከፈለበት ቦታ ባለ ሦስት ፎቁም ደሳሳ ጎጆ ያለውም እኩል የሚከፍሉት መሆኑ ከሁሉ በላይ መነሳት የነበረበት ጉዳይ ነው፤ ከገቢ ጋር የሚሄድ ደረጃ ለማውጣት የገጠሩ ቢከብድ እንኳ ከተማው አይከብድም።

ደመወዝተኛው ሌላ ሰልፍ ላይ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በእሱ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ፣ ጡረተኛ 1 በመቶ ያዋጣሉ። 10,000 ብር ደመወዝ ላይ በወር 300፣ በዓመት 3,600 ብር ከሠራተኛው፣ ያንኑ ያህል ከአሠሪው ማለት ነው። አፈጻጸሙ ተደጋግሞ ተራዝሟል፤ የሠራተኛውም ጥያቄ «ይህን ከፍዬ ያው መስኮት ላይ ያው የለም ከሆነስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ባል ደመወዝተኛ ሚስት ነጋዴ የሆኑበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ አቀፉ ሊታቀፍ መቻሉን ከመክፈሉ በፊት ቀበሌውን ይጠይቅ፤ ከከፈሉ በኋላ «አይመለከታችሁም» የተባሉ አሉ።

አቤቱታ ስታቀርቡ ቀኑን፣ ክፍሉንና የማዘዣውን ኮፒ ይዛችሁ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ከዚያ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ በአካባቢያችሁ ላለው የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት ቅርንጫፍ አቅርቡ። «ሁልጊዜ መድኃኒት የለም» ማለት አያስኬድም፤ «ኅዳር 12 ቀን ሜትፎርሚን ታዞ የለም ተብሏል፣ ማዘዣው ይኸው» የሚለው ያስኬዳል።

የወረዳው መድህን ቦርድና የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ከየቀበሌው የተወከሉ ሰዎች ይቀመጡበታል። ተወካያችሁ ማን እንደሆነ እወቁና ጉባኤው ሲቃረብ አግኙት። መዋጮ ይጨመር ሲባል እጁን ከማውጣቱ በፊት ይህን ያስመልስ፦ ያለፈው ሩብ ዓመት የክፍያ ጥያቄ በየትኛው ቀን ደረሰ፣ በየትኛው ቀን ተከፈለ፣ ስንት ብር በኦዲት ተቀነሰና በምን ምክንያት፣ የመንግሥት ድርሻ ምን ያህሉ ገባ፣ ከታዘዙት መድኃኒቶች ስንቱ እዚያው ተሰጠ። «በሒደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ የጥያቄው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይነገረው። ቁጥር የሌለው ጥያቄ ገና አልተላከም ማለት ነው፤ ያ ከሆነ መዘግየቱ ከጤና ጣቢያው እንጂ ከጽሕፈት ቤቱ አይደለም፣ ጠያቂውም አቅጣጫውን ያዞራል።